ሞላው ስንት፣ ሾኩ መቼ

እንደምን ዋላችሁ። ከጥፋቴ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ትራክ ላይ የምነዳት ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ነበረችኝ። የፊት ሞላዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ጥንካሬው በሚሊሜትር 40 ኒውተን ነበር፤ አንድ ሚሊ ለመጨመቅ 40 ኒውተን ጉልበት ይፈልጋል ማለት ነው። እሱን አወጣሁና 160 አስገባሁ። አራት እጥፍ ማለት ነው። የኋላውንም በዚያው ልክ ቀየርኩ። የሾክ አብዞርበሩን ማስተካከያ ደግሞ አልዞር እስኪል ድረስ ጠመዘዝኩት። "ጠንካራ ከሆነ ፈጣን ነው" የሚለውን ነገር ከየት እንደሰማሁት አላውቅም፤ ብቻ አምኜዋለሁ።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መሪውን ገና ነካ ሳደርገው አፍንጫዋ ዘወር ይላል። ኩርባ ላይ አታጋድልም፤ ፍሬን ስይዝ አትደፋም። ጥርሴ እየተንገጫገጨ "አሁን ገና የውድድር መኪና ሆነች" እላለሁ። ማታ የዙር ሰዓቱን ሳየው ከድሮው ሞላ በአንድ ሰከንድ ተኩል ዘግይቻለሁ። ሰዓቱ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነበር። ሰዓቱ ደህና ነው።

ዛሬ የምናወራው ያቺ አንድ ሰከንድ ተኩል የት እንደገባች ነው።

እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ ነው። መፍጠን፣ መቆም፣ መታጠፍ፣ ሁሉም በእነዚህ አራት መዳፎች ያልፋል። ሞላም ሾክም የተቀጠሩት ለእነሱ ነው። እኛ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንሰማው ቦዲውን ነው። ቦዲው ካልተወዛወዘ መኪናዋ መሬት ቆንጥጣ የያዘች ይመስለናል። ቦዲው ጸጥ ብሎ ጎማው ከታች እየነጠረ ሊሆን ይችላል። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው።

ጎማ አንድ ጠባይ አለው። ብዙ ሸክም ሲጫነው የበለጠ ይይዛል፤ ግን በተጫነው ልክ አይደለም። ሸክሙን እጥፍ ብታደርጉበት አያያዙ ከእጥፍ ያንሳል። እንግዲህ ሸክሙ ከፍ ዝቅ የሚልበት ጎማ፣ ከፍ ሲል የሚያተርፈው ዝቅ ሲል የከሰረውን አይመልስለትም። ስሌቱ ሁሌ ወደ ኪሳራ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ማጋደል። ጠንካራ ሞላ ክብደት ወደ ውጭ እንዳይሄድ ይከለክላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይከለክልም። ሾፌሩን ጨምሮ 1300 ኪሎ የምትመዝን መኪና እንውሰድ። የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 48 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል 155 ሴንቲሜትር አለ። ኩርባ ላይ በ1 ጂ፣ ማለትም ክብደቷን በሚያክል የጎን ጉልበት ስትዞር 1300ን በ48 አባዙና ለ155 አካፍሉ። 400 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ይህ 400 ኪሎ ከውስጥ ጎማዎች ተነስቶ ወደ ውጭዎቹ ይሄዳል። በሂሳቡ ውስጥ የሞላ ስም ተጠርቷል? አልተጠራም። ከጥቂት ልዩነት በቀር፣ ጥጥ ላይ ብትቆም ብረት ላይ ብትቆም ያው 400 ነው።

ሞላ የሚወስነው ይህ 400 ኪሎ በፊትና በኋላ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። የፊቱን ብታጠነክሩ ፊቱ ብዙውን ይወስዳል፤ የውጭው የፊት ጎማ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ መኪናዋም አልታጠፍ ትላለች። የኋላውን ብታጠነክሩ ቀድሞ የሚለቀው ኋላዋ ነው። የግራና የቀኝ ጎማዎችን እግር የሚያያይዘው ብረት፣ ስታቢላይዘር ባርም ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ "ፊቷ አልይዝ አለኝ" ብሎ የፊት ሞላውን የሚያጠነክር ሰው ሳይ አዝናለሁ። ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እያደረገ ነው። ብዙ ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ማክፈርሰን እግር (ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው ጎማውን ከላይ የሚይዙበት አሠራር) ያላቸው መኪኖች ሲያጋድሉ የጎማቸው ካምበር፣ ማለትም ወደ ጎን ያለው ዘመም፣ ይበላሻል፤ እነሱ ላይ ፊቱን ማጠንከር አንዳንዴ ፊቱ እንዲይዝ ያደርገዋል። ሕግ ሁሉ የጓሮ በር አለው።

ሞላ ራሱ ምንድን ነው? የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠራ ከሆነ ጥንካሬውን የሚወስኑት የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋትና የጥቅሎቹ ብዛት ናቸው። ጉደኛው ውፍረቱ ነው፤ ሂሳቡ ውስጥ በራሱ አራት ጊዜ እየተባዛ ይገባል። የሽቦው ውፍረት ከ12 ወደ 13 ሚሊ ቢያድግ ሞላው 38 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። በዓይን አትለዩትም። ሞላ ቆርጦ መኪና ዝቅ ማድረግ የሚወድ ሰውም እዚህ ካለ ይስማኝ። ጥቅል ሲቀንስ ሞላው ማጠሩ ብቻ አይደለም፤ ይጠነክራል፣ ጫፉም መቀመጫው ላይ ደህና አያርፍም። አትቁረጡ።

ደግሞም ሞላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጎማው አያውቀውም። የእኔ መኪና ጎማ 10 ሚሊ ሲነሳ ሞላው የሚጨመቀው 7 ሚሊ ብቻ ነው። ሞላው ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። ስለዚህ ጎማው ጋ የሚደርሰውን ለማወቅ በ0.7 ሁለት ጊዜ አባዛለሁ። አንዴ ለጉልበቱ፣ አንዴ ለርቀቱ። 0.49 ይሆናል። የኮራሁበት 160 ጎማው ጋ ሲደርስ 78 ነው። የፋብሪካው 40 ደግሞ 20 እንኳ አይሞላም። ማክፈርሰን እግር ላይ ግን ሞላው ጎማው አጠገብ ስለሆነ ቁጥሩ ለ1 የቀረበ ነው። ጓደኛችሁ "እኔ 160 ነው ያስገባሁት" ቢላችሁ የእሱን መኪና እግር ሳታዩ አትቅዱት።

መኪናን ከመኪና ለማወዳደር የሚሻለው ምት ነው። ሾክ ባይኖር ኖሮ፣ መኪናዋን ጫን አድርጋችሁ ብትለቋት በሰከንድ ስንቴ ትነሳና ትወርድ ነበር? ለምቾት የተሠራች የመንገድ መኪና ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ናት። በመንገድ ጎማ ትራክ የምትነዳ ስፖርት መኪና 2 አካባቢ ብትሆን ደህና ነው። ክንፍ ያላትና አየር ወደ መሬት የሚጫናት የውድድር መኪና 3 እና ከዚያ በላይ ትሄዳለች፤ ከመሬት ያላት ከፍታ ከተለዋወጠ አየሩ ስለሚከዳት ነው። የእኔዋ የፊት አንዱ ሞላ፣ ጎማውንና ፍሬኑን ሳንቆጥር፣ 310 ኪሎ ይሸከማል። በፋብሪካው ሞላ ምቷ 1.27 ነበር። በእኔ ሞላ 2.53 ሆነ። ልብ በሉ፤ ሞላው አራት እጥፍ ሆኖ ምቱ እጥፍ ብቻ ነው የሆነው።

የፊትና የኋላ ምት እኩል አይደረግም። ሞሪስ ኦሊ የሚባል መሐንዲስ በ1930ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ሲሠራ ያስተዋለው ነገር አለ። ጉብታ መጀመሪያ የሚመታው የፊቱን ነው፤ የኋላው ትንሽ ዘግይቶ ይመታል። የኋላው ምት ትንሽ ከፈጠነ ፊቱን ይደርስበትና ሁለቱ አብረው ይረጋሉ፤ መኪናዋ እንደ ሚዛን ፊትና ኋላ አትናጥም። የመንገድ መኪና እስከ ዛሬ በዚህ ይሠራል። ትራክ ላይ ግን ብዙዎች ይገለብጡታል፤ የፊቱን ምት ከፍ ያደርጉና መሪው ቶሎ እንዲመልስ ምቾቱን ይሰዋሉ።

እስካሁን ስለ "ስንት" ነው ያወራነው። መኪናዋ ስንት ታጋድላለች፣ ስንት ትወርዳለች፤ ይህን ሞላ ይመልሳል። ሾክ የሚመልሰው "መቼ" የሚለውን ነው። ኩርባ መሃል ላይ መኪናዋ አጋድላ ከረጋች በኋላ፣ መንገዱ ልስልስ ከሆነ፣ ሾኩ ምንም ሥራ የለውም። ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ጉልበት የለውምና። ሾክ አጥብቆ ማጋደልን አስቀራለሁ የሚል ሰው የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ያዘገየዋል እንጂ። ስለዚህ ችግሩ ኩርባ ስትገቡ ወይም ስትወጡ ብቻ ከታየ መጀመሪያ ሾኩን ጠርጥሩ። መሃል ላይ ረግታችሁም ካለ ሞላውንና ስታቢላይዘሩን።

ሾክ ውስጥ ዘይት አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ፒስተን ይመላለሳል። ፒስተኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳዎቹ ላይ እንደ ሮንዴላ ያሉ ስስ ብረቶች ተደርድረዋል። ፒስተኑ ቀስ ሲል ዘይቱ መርፌ በምታጠባት ትንሽ ቀዳዳ ያልፋል። ሲፈጥን እዚያ አልበቃ ይለውና ብረቶቹን አጉብጦ ያልፋል። ከውጭ ያለው ማስተካከያ ብዙውን ጊዜ የሚያዞረው ያቺን መርፌ ነው።

ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ አለ። ማስተካከያው ላይ "ዝቅተኛ ፍጥነት"፣ "ከፍተኛ ፍጥነት" የሚል ይጻፋል። የመኪናዋ ፍጥነት አይደለም፤ የፒስተኑ ነው። አንድ ወዳጄ ረጅሙ ቀጥታ ላይ ከ200 ኪሎሜትር በላይ ስለሚሄድ "ከፍተኛ" የሚለውን ሲያዞር ዋለ። ምንም አልተለወጠለትም። መሪ ስትሰብሩ፣ ፍሬን ስትይዙ፣ ነዳጅ ስትሰጡ ቦዲው የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ነው፤ ፒስተኑ በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ቢሄድ ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው። የትራኩን ቀይና ነጭ ጠርዝ ስትረግጡ ግን ጎማው ብድግ ይላል፤ ፒስተኑም ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ከፍተኛው ያ ነው። በ60 እየሄዳችሁ ጠርዝ ብትረግጡ "ከፍተኛ ፍጥነት" ውስጥ ናችሁ፤ በ200 ልስልስ መንገድ ላይ መሪ ብትነኩ "ዝቅተኛ" ውስጥ።

ሌላው ክፍፍል መጨመቅና መመለስ ነው። በአብዛኛው ሾክ ሲመለስ የሚከላከለው ሲጨመቅ ከሚከላከለው ይበልጣል። ሞላው የታመቀውን ጉልበት ሲለቅ የሚይዘው ሌላ የለምና። ግን መመለሱን ከልክ በላይ ብታጠብቁት መዘዝ አለው። ጎማው ጉብታ ሲመታ ይነሳል፤ ቀጣዩ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ መውረድ አለበት። ሾኩ ይዞ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ጉብታ ይጨምርበታል፣ ሦስተኛውም ይጨምርበታል። በጉብታ በጉብታ መኪናዋ ወደ መሬት እየሰመጠች ትሄዳለች። ውስጥ ሆናችሁ የሚሰማችሁ ግን "ሞላው ደረቀ" የሚል ነው። ከዚያ ሞላ ልትቀይሩ ትሮጣላችሁ። ማስተካከያውን ሁለት ክሊክ (ሲዞር ቀጭ የሚልባት እያንዳንዷ እርከን) ማላላት ይበቃ ነበር።

ልኩስ? ቦዲው አንዴ ተጭኖ ምንም ሳይወዛወዝ ቶሎ የሚመለስበትን ነጥብ 100 ብንለው፣ የምቾት መኪና ከ20 እስከ 40 በመቶ ላይ ትኖራለች። ትራክ ላይ 60 እና 70 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለቦዲው ዝግተኛ እንቅስቃሴ ማለቴ ነው። ለጉብታው ከዚያ በጣም መላላት አለበት። ደግሞ ሞላው አራት እጥፍ ሲጠነክር ሾኩም እጥፍ መጠንከር ይኖርበታል። ክሊኩ እዚያ ካልደረሰ ሾኩ ለዚያ ሞላ አልተሠራም ማለት ነው፤ ተፈትቶ ውስጡ ያለው ብረት መቀየር አለበት።

አሁን ወደ ጠፋችው ሰከንድ ተኩል እንመለስ። እስካሁን አንድ ሞላ ሳንቆጥር ቀርተናል። ጎማው ራሱ ሞላ ነው። አየር የሞላው ጎማ ጥንካሬው በሚሊሜትር 200 ኒውተን አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። የሚያረጋጋው ሾክ ግን የለውም ማለት ይቻላል። የእኔ ሞላ ጠንክሮ፣ ሾኩም ተጠርቅሞ ሲዘጋ እግሩ መንቀሳቀስ አቆመ። መንገዱ ጉብታውን አላቆመም። እግሩ አልንቀሳቀስ ሲል መንቀሳቀሱን የወሰደው ጎማው ነው። መኪናዋ በአራት ኳስ ላይ እንደተቀመጠች ሆነች። ሸክሙ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ኪሳራ ይኸው ነበር። ከኩርባ ስወጣ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ኋላዋ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተት ነበር፤ እኔም መሪውን እያስተካከልኩ "ምን ያለ ኃይል ነው!" እል ነበር።

ሞላ አላልቶ ሾክን በደንብ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣችው ሎተስ ኤላን 700 ኪሎ የማትሞላ ቀላል መኪና ናት፤ ሞላዋ ለስላሳ፣ የእግሯ እንቅስቃሴ ረጅም ነው። በአያያዟ እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች። ኑርበርግሪንግ ኖርድሽላይፈም ወደ 21 ኪሎሜትር የሚጠጋ፣ ጉብታና ዳገት ቁልቁለት የሞላበት ትራክ ነው። ለልስልስ ትራክ ተጠንክራ የተስተካከለች መኪና እዚያ ስትነዳ አየር ላይ የምታጠፋው ጊዜ ይበዛል።

እጅ ወደሚነካ ነገር ልለፍ። ከሁሉ በፊት ኬብል የምናስርበትን የፕላስቲክ ማሰሪያ ሾኩ ዘንግ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ወደ ሾኩ አካል አስጠግታችሁ ተዉት። ከጥቂት ዙር በኋላ ማሰሪያው የተገፋበት ቦታ ሾኩ እስከ የት እንደተጨመቀ ይነግራችኋል። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ እኔን ግን ከየትኛውም ዕቃ በላይ አስተምሮኛል። ባምፕ ስቶፕ የምንላትን ጎሚኒ ድረስ ከተገፋ፣ ኩርባ መሃል ላይ ሞላችሁ በድንገት ብዙ እጥፍ እየጠነከረ ነው። ብዙ ሰው "ኋላዋ ሳላስበው ከዳችኝ" የሚለው ይቺን ጎሚኒ ነው። መኪና ከልክ በላይ ዝቅ ያደረገ ሰው ሁሌ እዚያ ላይ ነው የሚነዳው። ማክፈርሰን እግር ላይ ደግሞ ዝቅ ማድረግ ሌላ ጣጣ አለው፤ መኪናዋ የምታጋድልበት ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል ይበልጥ ይወርዳል፤ ዝቅ ብላም የበለጠ ለማጋደል ትሞክራለች።

የሞላ መቀመጫውን ቀለበት ማዞር ሞላውን አያጠነክረውም። ሲጨመቅ ጥንካሬው የማይለዋወጥ የ90 ሞላ ቀለበቱን ብታጠብቁትም 90 ነው። የሚለወጠው ከፍታው ነው። ከከፍታው ጋር ደግሞ የአራቱ ጎማ ክብደት ይለወጣል፤ አንዱን ጥግ ከፍ ስታደርጉ በሰያፍ ያለው ጎማም ሸክሙ ይጨምራል፣ የቀሩት ሁለቱ ይቀላሉ። አንድ እግሩ አጥሮ የሚወላገድ ጠረጴዛን አስቡ። ስለዚህ አራት ሚዛን ላይ አቁሙ፤ ስታቢላይዘሩን ፍቱ፤ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ድምር ከጠቅላላው ግማሽ እስኪሆን አዙሩ። ይህ ካልተደረገ መኪናዋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ሁለት ዓይነት መኪና ትሆናለች።

ትራክ ስትደርሱ የጎማ አየር በመጀመሪያ። ሞቆ የሚደርስበትን ግፊት ሳታውቁ ሾክ አትንኩ። ከዚያ ክሊኩን ሙሉ ዘግታችሁ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ መነሻውን ጻፉ። ደብተር ያዙ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሲጀመር ደግሞ በአንድ ክሊክ አይደለም፤ አራት አምስት ክሊክ ሂዱና ልዩነቱን ስሙት። ከተቀየረው ጋር ነድታችሁ ወደ መነሻው መልሳችሁ እንደገና ንዱ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ጎማው ሲሞቅ፣ መንገዱ ጎማ ሲጠጣ፣ እናንተም ስትለምዱ ሰዓቱ በራሱ ይሻሻላል፤ ምስጋናውን ግን ክሊኩ ይወስደዋል።

ሾክም ይሞቃል። የሚውጠውን ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ዘይቱ ይቀጥናል፤ ሲብስም አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ አይከላከልም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ደ ካርቦን ከዘይቱ ኋላ የታመቀ ናይትሮጅን ያስገባው ለዚህ ነው። ጠዋት ያስተካከላችሁት ሾክ ከሰዓት ሌላ ጠባይ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ደብተሩ ላይ ሰዓቱን ጻፉ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ አላሉ፤ ስታቢላይዘሩንም ዝቅተኛውን ፍጥነትም። እርጥብ መንገድ ላይ መኪናዋ ቀስ ብላ እንድትነግራችሁ ነው የምትፈልጉት።

የእኔዋ መኪና መጨረሻ ላይ 90 ሞላ ላይ አረፈች። ምቷ 1.9 ነው። ሾኩ ከመዘጊያው ዘጠኝ ክሊክ ተላልቷል። ታጋድላለች፤ የሚያይ ሰው ይስቃል። ያቺ ሰከንድ ተኩል ተመለሰች፤ ከላይም ትንሽ ጨመረች። 160ዎቹ ሞላዎች በር እንዳይዘጋ ድጋፍ ሆነው ያገለግላሉ።

መኪናዋ ውጭ ቆማለች፤ ክሪክና ማሰሪያም ይዣለሁ። ጥያቄ ያለው እዚያው ጎማዋን ፈትተን እያየን ይጠይቀኝ።